ደሴና ኮምቦልቻ በአንድ ቀን ሽንኩርት ይዘራሉ? (ስለ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮና የአበሻ ሽንኩርት ችግኝ)

ጥያቄው የመጣው ከደሴ ነው፤ ጠያቂዋ ሆጤ አካባቢ 4 ካሬ ሜትር የጓሮ መሬት አላት። በእጇ ያለው ዘመድ ከአውሮፓ የላከላት ሦስት ፓኬት ዘር ነው፤ ትልቅ ቢጫ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት እና ከዘር የሚበቅል፣ የአበሻ ሽንኩርት የሚመስል ዓይነት። በዚያ ላይ ከገበያ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ፣ ቦምቤይ ሬድ የሚባል የቀይ ሽንኩርት ዘር ገዝታለች። ምን ያህል ዘር ይበቃኛል፣ የትኛውን ልዝራ፣ ኮምቦልቻ ያሉ ሰዎች መስከረም ላይ ዝሪ የሚሉኝን ደሴ ላይ ብከተል ያዋጣኛል ወይ ነው ጥያቄዋ። ከሥሩ የተሰጡትን መልሶች በተራ ቁጥራቸው አስቀምጣለሁ። የምስጋናና የሰላምታውን አልፌዋለሁ፤ ወሎዬ ሰላምታ ሲጀምር ገጽ ይሞላል።

መልስ 1 በትሕትና ጀምሮ ለ4 ካሬ ሜትር 5 ግራም ዘር ግዢ ይላል፤ የጠፋው ጠፍቶ የቀረው ይበቃል ባይ ነው።

መልስ 2 በጨዋነት አረመው፤ ስሌቱም ትክክል ነው። 1 ግራም የሽንኩርት ዘር ከ250 እስከ 300 ፍሬ ይይዛል። በመስመሮች መካከል 20፣ በተክሎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ከተተወ በካሬ ሜትር 50 ችግኝ ይገባል፤ በ4 ካሬ 200። ዘሩ 70 በመቶ ቢበቅልና ከበቀለውም ጥቂቱ ቢጠፋ 400 ፍሬ ይበቃል፤ ይኸውም 1 ግራም ተኩል ገደማ ነው። 5 ግራም ማለት ከ1,200 ፍሬ በላይ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከገንዘቡ ይልቅ እዚያችው መደብ ላይ ሁሉም ስለሚዘራ ነው፤ ችግኙ ተጨናንቆ ይቀጥናል፣ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል።

መልስ 3 ከዚያ በፊት ዘሩ በሕይወት መኖሩ ይረጋገጥ አለ። የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ሱቅ ከተቀመጠ ከአንድ ዓመት በኋላ የመብቀል ኃይሉ በፍጥነት ይወርዳል። ከትልቅ ቆርቆሮ ተከፍቶ በላስቲክ የሚቋጠረው ደግሞ የታሸገበት ቀን አብሮት አይመጣም። ዘዴው ቀላል ነው፤ 20 ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልሎ፣ ላስቲክ ውስጥ አድርጎ ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ። በ10 ቀን ውስጥ 14 እና ከዚያ በላይ ካጎነቆለ ይዘራል፤ ከ10 ካነሰ ወይ እጥፍ ይዘራል ወይ ወደ ሻጩ ይመለሳል። በቀለም የተለወሰ ዘር መድኃኒት የተቀባ ስለሆነ ከልጆችና ከዶሮ ይራቅ የሚል ጨምሯል።

መልስ 4 ወደ ቢጫው ፓኬት ዞረ፤ የውይይቱ ክብደት ያለው እዚህ ይመስለኛል። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው የቀኑን ርዝመት ቆጥሮ ነው። የሰሜን አውሮፓ ዝርያዎች 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ካላዩ ራስ አይቋጥሩም። ደሴ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ረጅሙ ቀኗ ሰኔ ላይ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል፣ አጭሩ ታኅሣሥ ላይ 11 ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ቢጫው ሽንኩርት ቅጠሉ ይለመልማል፣ አንገቱ ይወፍራል፣ ከታች ግን ምንም የለም። ማዳበሪያም ውሃም አያስተካክለውም። ቦምቤይ ሬድ፣ አዳማ ቀይ፣ ናሲክ ሬድ የሚባሉት እዚህ አገር የሚሠሩት የአጭር ቀን ዝርያዎች ስለሆኑ ነው። ከውጭ የመጣው የአበሻ ሽንኩርት መሰሉም ፓኬቱ የረጅም ቀን ዝርያ ከሆነ ዕጣው ያው ነው። ባሮ ግን የሚበላው ግንዱ ስለሆነ፣ ራስ መቋጠር ስለማይጠበቅበት፣ ከየትም ይምጣ ይሆናል።

መልስ 5 አልተዋጠለትም። አፈሩ ከተመቸ ሁሉም ይሆናል፣ የሽንኩርት ችግር ፍግ ማነስ ነው አለ። መልስ 6 በሁለት መስመር መለሰለት፤ ፍግ ቀኑን አያስረዝምም። ይኸው ሰው ያለ ኳራንቲን ወረቀት ዘር በሻንጣ ማስገባት በሽታ ማስገባት ነው ብሎም ጠያቂዋን ገሠጸ። እውነት ቢሆንም አነጋገሩ ከረር ያለ ነበር፤ ጠያቂዋም መልስ 7 ላይ ዘሩን እሷ እንዳላስመጣችው ተናግራ፣ እንዴት እንደሚዘራ ብቻ እንዲነግሯት ጠየቀች።

መልስ 8 ረጅሙና የሚጠቅመው ነው። ለ400 ፍሬ 1 ሜትር በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ ይበቃል። መደቡ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ደሴ ላይ ዝናብ ሲጥል ውሃ ከተኛበት ችግኝ የለም። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አፈሩ ዋልካ ከሆነ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፤ ሁሉም በወንፊት ይነፋል። መስመሮቹ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት በቀጭን እንጨት ይሠመራሉ፣ ጥልቀታቸው 1 ሳንቲ ሜትር፣ ቢበዛ 1 ተኩል። ዘሩ በጣት ቆንጠር ተደርጎ በየ1 ሳንቲ ሜትሩ ይንጠባጠባል። በተነፋ አፈር ከለበሰ በኋላ በእጅ መዳፍ ጫን ጫን ይደረጋል፤ ይህን የሚተው ብዙ ነው፤ ዘሩና አፈሩ ካልተገናኙ እርጥበት አይጠባም። ከላይ የሳር ወይም የጤፍ ገለባ ጉዝጓዝ ይጎዘጎዛል። ውሃው ቀዳዳው ደቃቅ በሆነ ማጠጫ ጠዋት ጠዋት ይረጫል፤ ሞቅ ባለ ቦታ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ደሴ ብርድ ላይ እስከ ሁለት ሳምንት።

ቀጥሎ ያለው የዚሁ መልስ ክፍል ጥሩ ዓይን ያለው ሰው የጻፈው ነው። ሽንኩርት ሲበቅል ቀጥ ብሎ አይወጣም። መጀመሪያ እንደ መርፌ ቁልፍ የታጠፈ አረንጓዴ ክር ጉልበቱን ያወጣል፤ ጫፉ አሁንም ከአፈር ውስጥ ጥቁሩን የዘር ቅርፊት ነክሶ ይዟል። ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ጫፉን ይመዛል፤ ቅርፊቱ አናቱ ላይ ተሰክቶ ይቆያል። የአፈሩ ላይ ደርቆ ቅርፊት ከሠራ ያ ጉልበት እዚያው ይሰበራል፤ ሰውም ዘሩ አልበቀለም ይላል። ስለዚህ ጉዝጓዙ የሚነሣው ግማሹ ጉልበቱን ሲያወጣ ነው፣ አመሻሽ ላይ። የዘሩን ቅርፊት ከአናቱ በእጅ ለመንቀል መሞከር ችግኙን ከሥሩ መንቀል ነው። ዘግይቶ ከተነሣ ደግሞ ክሩ ገለባው ውስጥ ገብቶ አብሮ ይነቀላል።

መልስ 9 ጓሮ ለሌለው ሰው ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ታቹ በጋለ ሚስማር 15 ያህል ቦታ ተበስቶ በረንዳ ላይ ይሠራል አለ። አፈሩ 12 ሳንቲ ሜትር ይሙላ፤ ጠጠር ከታች መደርደር አያስፈልግም፣ ውሃውን ያቆረዋል እንጂ አያፈስሰውም። የከተማው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካን ቶሎ ስለሚደርቅ ጥላ ይፈልጋል ብሎ፣ ስለ ፈረቃው ሦስት መስመር አማረረ። መልስ 10ም ተከተለው። እዚያ ላይ ውይይቱ ለጥቂት ጊዜ የውሃ ውይይት ሆነ።

መልስ 11 ችግኝ እንዳይወድቅ አመድ በብዛት ይነስነስበት አለ። መልስ 12 ይህን ልማድ ተቃወመ፤ በሚገባም ተቃወመ። ችግኝ አንገቱ ላይ ቀጥኖ፣ ውሃ የነካው ክር መስሎ የሚተኛው በአፈር ውስጥ ባሉ ሻጋታዎች ነው፤ የሚያነቃቸውም አብዝቶ ማጠጣት፣ መጨናነቅና ያልበሰበሰ ፍግ ነው። አመድ በብዛት ሲሆን አፈሩን ኮምጣጣነት ያሳጣዋል፣ እርጥብ ሲሆንም ይጋገራል፤ ያን የታጠፈ ጉልበት የሚሰብረው ቅርፊት ማለት ነው። መደቡ ከመዘራቱ በፊት ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ተሸፍኖ ለ4 ሳምንት ጠራራ ፀሐይ ላይ ቢከርም ይሻላል፤ ይህ ኮምቦልቻ ላይ በደንብ ይሠራል፣ ደሴ ደመና ላይ ግን ብዙም አይጠበቅበትም። መውደቅ ከጀመረ የወደቀው ከነአፈሩ በማንኪያ ወጥቶ ይጣል፣ ውሃ ለሁለት ቀን ይቁም፣ ከዚያ በኋላ ጠዋት ብቻ።

መልስ 13 ከኮምቦልቻ ነው፤ ቀኑን በእርግጠኝነት አስቀመጠ። መስከረም 15 ይዘራል፣ በ50 ቀን ኅዳር 5 ይተከላል፣ ከ105 ቀን በኋላ የካቲት 20 ይነሣል። ደረቅ ወቅት ስለሆነ በሽታው ያንሳል፣ ራሱም በደንብ ይደርቃል። ደሴም 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ልዩነት የለውም ብሎ ደመደመ።

ከዚህ በኋላ ነው ድምፁ ከፍ ያለው። መልስ 14 የደሴ ሰው ነው። ሰውዬው ኪሎ ሜትሩን ቆጥሮ ሜትሩን ረስቷል አለ፤ ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 አካባቢ ናት። በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ቢቀንስ ደሴ በ4 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች። መስከረም የተዘራ ችግኝ ደሴ ላይ ኅዳር ይተከላል፣ ታኅሣሥና ጥር ብርድ ላይ ግንዱ ከእርሳስ ወፍሮ ይደርሳል። እዚያ ላይ ነው ጉዳቱ፤ ሽንኩርት ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ያለውን ብርድ ለሳምንታት የሚቀምሰው ወፍሮ ከሆነ የተዘጋጀሁት ለአበባ ነው ብሎ ይወስናል፣ ከመካከሉም ውስጡ ክፍት የሆነ የአበባ ዘንግ ይልካል። ዘንግ ያወጣ ሽንኩርት መካከሉ እንጨት ይሆናል፣ አይከርምም።  ዘንጉን መቁረጥ ራሱን አያድነውም፤ ቶሎ ነቅሎ መብላት ነው ያለው።

የሱ ቀን መቁጠሪያ ይህ ነው። ታኅሣሥ 10 በላስቲክ ዳስ ሥር ይዘራል፤ ብርዱ ሲያገኘው ችግኙ ገና ክር ስለሆነ አበባ አያስብም። በ60 ቀን የካቲት 10 ይተከላል፣ የበልጉ ዝናብ ከመጣ ውሃ ያግዛል፣ ከ125 ቀን በኋላ ሰኔ 15 ይነሣል። ከዚያ ካለፈ የክረምቱ ዝናብ ማሳ ላይ ያገኘዋል፤ አንገቱ ውስጥ ውሃ የገባ ሽንኩርት ደግሞ ጎተራ አይደርስም። የላስቲኩ ዳስ ቀን ቀን ከሁለት ወገን ይከፈት፣ ካልሆነ በብርድ ፈንታ በላብ ይሞታል።

መልስ 15 የኮምቦልቻው ሰው ተመልሶ፣ በጨዋ ቃል የጀመረውን ትቶ፣ የደሴ ሰው ሽንኩርቱን ከኮምቦልቻ ገዝቶ እየበላ ያስተምረናል ብሎ ነካ አደረገ። መልስ 16 ሁለቱንም አብሽሩ ብሎ፣ በልግ ቢቀርስ ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ 14 የጻፈው ሰው በቁጥር 17 ተመልሶ በልግ ከቀረ ከተተከለ በኋላ ለመጀመሪያው ወር በየ4 ቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ውሃ ያስፈልጋል፤ የሽንኩርት ሥር በአብዛኛው ከላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ስለማይወርድ አንዴ ብዙ አጠጥቶ መርሳት አይሆንም አለ። የኮምቦልቻውን ሰው ነገር ሳያነሣ ማለፉን ወድጄለታለሁ።

መልስ 18 ሲተከል ቅጠሉም ሥሩም በመቀስ ይቆረጥ አለ። ይህ በየገበሬው ማሳ የሚታይ ነው። መልስ 19 ሥሩ ከረዘመ ለአተካከል እንዲመች ጥቂት ማሳጠር ያስኬዳል፤ ቅጠል መቁረጥ ግን የችግኙን ምግብ ማብሰያ መቁረጥ ነው፣ ቁስሉም የበሽታ በር ነው ብሎ አረመ። ቁም ነገሩ ሌላ ነው አለ፤ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ ከ3 እስከ 4 ቅጠል፣ ከእርሳስ ያልወፈረ። ከመነቀሉ 10 ቀን በፊት ውሃ ይቀነስበታል፣ በሚነቀልበት ቀን ዋዜማ ይጠጣል። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር፤ ጠልቆ የተተከለ ራሱ ወደ ላይ ይሾላል፣ አንገቱ ይወፍራል። ማዳበሪያ ላይ በካሬ ሜትር 20 ግራም ኤንፒኤስ ሲተከል፣ 10 ግራም ዩሪያ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ሲተከል ግማሹ ከ6 ሳምንት በኋላ። ራስ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ዩሪያ የሚጨምር ሰው ለአንገት ነው የሚቀልበው።

መልስ 20 ባሮውን አስታወሰ፤ ሁሉም ረስቶት ነበር። ባሮ ደሴን ይወዳል። ችግኙ ከሽንኩርት ይዘገያል፣ ከ8 እስከ 10 ሳምንት፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን። አተካከሉ ተቃራኒ ነው፤ በመጥረጊያ እንጨት 15 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ይበሳል፣ ችግኙ ይጣልበታል፣ በአፈር አይደፈንም፣ ውሃ ብቻ ይሞላበታል። ውሃው ራሱ አፈር ወስዶ ሥሩን ያለብሰዋል። የቀረው ክፍተት ግንዱ እየወፈረ የሚሞላው ነው። ርቀቱ 15 በ30። በየሦስት ሳምንቱ አፈር ይታቀፋል፣ ግን ቅጠሉ ከሚከፈልበት በታች፤ ከዚያ ካለፈ አሸዋው በየንብርብሩ ገብቶ ወጥ ውስጥ ጥርስ ላይ ይሰማል።

መልስ 21 የአበሻ ሽንኩርትን ለምን ከዘር አለ። ለ4 ካሬ በ20 በ20 ርቀት 100 ራስ ይበቃል፤ 15 ግራም የሚመዝን ከተመረጠ 1 ኪሎ ተኩል ነው። አንዱ ራስ ተከፍሎ ብዙ ይሆናል፣ ጊዜውም ያጥራል፤ ሁሩታና ምንጃር የሚባሉት የተሻሻሉ ዝርያዎችም ከራስ የሚተከሉ ናቸው። መልስ 22 ወገኑን ለወጠ፤ ከራስ የሚተከል ቫይረሱንም ብስባሴውንም ይዞ ይመጣል፣ ዘር ግን ከዚያ አብዛኛውን ያመልጣል። ቅጣቱ ግን አለው፤ ከዘር የበቀለው በመጀመሪያው ዙር የሚሰጠው አንድ ወይም ጥቂት ራስ ነው፣ መልኩም የተቀላቀለ ነው። መልስ 23 እዚህ ላይ ለዶሮ ወጥ ከአበሻ ሽንኩርት ሌላ አይሆንም፣ የፈረንጁ ውሃ ነው ብሎ ገባ፤ አራት ሰው ተከተለው፣ አንዱ ስለ ቁሌት፣ አንዱ ስለ ዋጋ። ቁጥር 24 እስከ 27 ይዘለል።

መልስ 28 ወደ ዘር መለሰው። ከጓሮ ዘር ለመልቀም የሚያስብ ሰው ቀይ ሽንኩርትና የአበሻ ሽንኩርት አንድ ዘር መሆናቸውን ይወቅ፤ ንብ ታዳቅላቸዋለች፣ ጎረቤት ያለው አበባም ይገባል። ንጹህ ዘር ለማግኘት በመካከላቸው 1 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልጋል፤ ደሴ ሰፈር ውስጥ ይህ የለም፣ ስለዚህ አንዱን ብቻ እንዲያብብ መተውና አበባውን በነጠላ ጨርቅ ሸፍኖ በእጅ ማነካካት ነው። ባሮ ከሁለቱም ጋር አይዳቀልም። ድቅል ተብሎ ከታሸገ ዘር የተለቀመ ደግሞ እናቱን አይመስልም።

መልስ 29 ስለ ተባይ ሁለቱን ከተሞች አስታረቀ፤ የየራሳቸው መከራ አላቸውና። ኮምቦልቻ ላይ ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት ነው፤ ቅጠሉ መነሻ እጥፋት ውስጥ ተደብቆ ይመጥጣል፣ ቅጠሉ ብርማ ነጠብጣብ ይሆናል። አመሻሽ ላይ 50 ግራም የተወቀጠ የኒም ፍሬ ውስጠኛ በ1 ሊትር ውሃ አሳድሮ፣ አጥልሎ፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ እጥፋቱ ውስጥ እንዲገባ መርጨት። ደሴ ላይ ጭጋግና ጤዛ ስላለ ጠዋት ላይ ግራጫ ሐምራዊ ሻጋታ ቅጠሉ ላይ ይታያል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል፣ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ የሚመረምር አያገኘውም። ማንኮዜብ የሚባለው የሻጋታ መድኃኒት ከመያዙ በፊት እንጂ ከያዘ በኋላ አያድንም፤ የሽንኩርት ቅጠል ሰም ስላለው ሳሙና ካልገባበት ጠብታው ይንሸራተታል።

መልስ 30 ነጭ ሽንኩርት የነበረበት መደብ ላይ መትከል ይቻላል ወይ አለ። መልስ 31 በአንድ ቃል አይቻልም አለ። መልስ 32 ምክንያቱን ጨመረ፤ ሥሩ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሻጋታና በጣም ደቃቅ ጥቁር ነጠብጣብ የታየበት መሬት 20 ዓመትም ቢቆይ አይነጻም፤ ለሽንኩርት ዘመድ ሁሉ የተዘጋ ነው፣ ባሮን ጨምሮ። ምልክቱ ካልታየ ለ3 ዓመት ባቄላ፣ ጎመን፣ ካሮት ማፈራረቅ ይበቃል። ከዚያ መደብ የወጣ አፈር በጫማና በዶማ ወደ ሌላው እንዳይሄድም ይታጠብ።

መልስ 33 አነሣሡን ጻፈ። ከመደቡ ግማሽ ያህሉ አንገቱ ሲወድቅ ማለትም ከመነሣቱ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ውሃ ይቆማል። ቆሞ የቀረውን በእግር መርገጥ የበሰለ አያደርገውም። ከተነቀለ በኋላ ጥላ ሥር፣ ነፋስ ባለበት፣ ቅጠሉ ከነሙሉው ከ7 እስከ 10 ቀን ይዘረጋል፤ አንገቱ በጣት ሲጨበጥ እርጥበት ካልተሰማ ከራሱ በላይ 2 ሳንቲ ሜትር ተትቶ ይቆረጣል።

መልስ 34 በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ማስቀመጥ ይቻላል ወይ ብሎ ጠየቀ። መልስ 35 ላስቲክ ነክ ከረጢት ያልበዋል፣ በመረብ ወይም በቅርጫት፣ ከድንች ተለይቶ፣ አንገቱ የወፈረውና ዘንግ ያወጣው ቀድሞ ይበላ አለ። የኮምቦልቻው ሰው በቁጥር 36 ብቅ ብሎ የሚሸጥ የቦምቤይ ሬድ ችግኝ እንዳለው አስታወቀ፤ የመልስ 14 ሰው ስንት ቀኑ ነው ብሎ ጠይቋል፣ እስካሁን አልተመለሰለትም።